ከመልክ ወደ ልክ፦ የሞተር ሳይክል መሪ አመራረጥና የአሽከርካሪው አቀማመጥ ምቾት

አኅጽሮተ ጥናት

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሞተር ሳይክል መሪ የአሽከርካሪውን አቀማመጥ በምን መንገድ እንደሚወስን ማሳየትና፣ ለሥራ ረጅም ሰዓት ለሚያሽከረክር ሰው የሚስማማ መሪ የሚመረጥበትን ቅደም ተከተል ማቅረብ ነው። ጽሑፉ ገላጭና ተንታኝ አቀራረብን የተከተለ ሲሆን፣ የሰውነትን አቀማመጥ፣ የመሪን ልኬቶችና ዓይነቶች፣ እንዲሁም ከመሪ ለውጥ ጋር የሚመጡ የደኅንነት ጉዳዮችን በተራ ይመለከታል። ማዕከላዊ መከራከሪያው፣ ምቾት የሚገኘው ከፍ ካለ ወይም ውድ ከሆነ መሪ ሳይሆን ከአሽከርካሪው አካል ጋር ከተመጣጠነ መሪ ነው የሚል ነው። ብዙ ጊዜም አዲስ መሪ ከመግዛት በፊት ነባሩን ማስተካከል በቂ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሞተር ሳይክል፣ መሪ፣ አቀማመጥ፣ ንዝረት፣ የእጅ አንጓ

1. መግቢያ

በኢትዮጵያ ሞተር ሳይክል በአብዛኛው የመዝናኛ ሳይሆን የሥራ መሣሪያ ነው። የግብርናና የጤና ባለሙያዎች ከወረዳ ወደ ቀበሌ ይጓዙበታል፤ በከተማ ዕቃና ምግብ ይመላለስበታል፤ በብዙ የክልል ከተሞችም ሰው ይጓጓዝበታል። በአዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሞተር ሳይክል እንቅስቃሴ በፈቃድ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ፈቃድ አግኝተው የሚንቀሳቀሱት በዋናነት ለሥራ የተሰማሩት ናቸው። ይህ ማለት ብዙው አሽከርካሪ ከሞተሩ ላይ የሚቀመጠው ለግማሽ ሰዓት ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ነው ማለት ነው።

ፋብሪካ መሪን የሚሠራው ለአማካይ ሰው ነው፤ ሞተሩ ላይ የሚቀመጠው ሰው ግን አማካይ ሰው አይደለም። አንዱ ረጅም ሌላው አጭር ነው፤ የአንዱ ክንድ ረጅም፣ የሌላው ትከሻ ጠባብ ነው። የመሥሪያ ቤት ሞተር ሳይክል ሲሆን ደግሞ ችግሩ ይጎላል። ዛሬ ቁመተ ረጅም ወንድ የነዳው ሞተር ነገ ለአጭር ሴት ባለሙያ ይሰጣል፤ መሪው ግን ባለበት ይቆያል።

ጉዳዩ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሞተር ሳይክል በሚቆምበት ጊዜ ክብደቱ ወደ ፊት ጎማ ስለሚጫን ከማቆሙ ሥራ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የፊት ፍሬን ነው። የፊት ፍሬን የሚያዘው ደግሞ በቀኝ እጅ ጣቶች ነው። ጣቶቹ የደነዘዙበት አሽከርካሪ እጀታውን ምን ያህል እንደሳበ በትክክል አይሰማውም። አንገቱ የደረቀ አሽከርካሪ ከመታጠፉ በፊት ዞር ብሎ አያይም። በመሆኑም ምቾት ሲጓደል የሚጓደለው ሞተሩን የመቆጣጠር ችሎታም ነው።

2. መሪና ሰውነት

አሽከርካሪው ሞተሩን የሚነካው በሦስት ቦታ ነው፤ በመቀመጫው፣ በእግር ማሳረፊያውና በመሪው። የሰውነቱ ክብደት በእነዚህ በሦስቱ ይከፋፈላል። ከሦስቱ አንዱ ቦታውን ሲለውጥ የሌሎቹም ድርሻ ይለወጣል። መሪው ዝቅ ካለና ከራቀ ሰውነት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ የክብደቱ አንድ ክፍልም በመዳፍና በእጅ አንጓ ላይ ይወድቃል። መሪው በጣም ከፍ ካለና ከቀረበ ደግሞ እጅ ይቀላል፣ ነገር ግን ክብደቱ በሙሉ ወደ መቀመጫ ይሄዳል። ከመንገዱ ጉድጓድ የሚነሣው ምትም በቀጥታ ወደ አከርካሪ ይወጣል። ጀርባው የጎበጠ ሰው ይህን ምት የባሰ ይቀበለዋል።

ከዚህ የሚወጣው መሠረታዊ መርሕ፣ መሪ ይያዛል እንጂ አይደገፉበትም የሚለው ነው። አሽከርካሪው ሰውነቱን በሆድና በጀርባ ጡንቻ ደግፎ፣ ክርኑን በመጠኑ አጥፎ፣ ትከሻውን አውርዶ መሪውን በቀላሉ ሊይዝ ይገባል። ክርን ቀጥ ብሎ ከተገተረ ክንድ የንዝረት መተላለፊያ ዘንግ ይሆናል። መጠነኛ እጥፋት ካለው ግን እንደ ሞላ ምቱን ያለዝባል።

የመደንዘዙ ምክንያት በተለይ ሊጤን ይገባል። ወደ እጅ የሚገቡ ሁለት ነርቮች በአንጓ አካባቢ በጠባብ መተላለፊያ ያልፋሉ። ሚድያን የሚባለው ነርቭ አውራ ጣትን፣ ሌባ ጣትን፣ መሐል ጣትንና የቀለበት ጣትን ግማሽ ያገለግላል። አልናር የሚባለው ደግሞ ትንሿን ጣትና የቀለበት ጣትን ቀሪ ግማሽ ያገለግላል። አንጓ ወደ ላይ ተቀልብሶ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የመጀመሪያው ይጨቆናል። የመዳፍ ውጫዊ ጠርዝ በመጨበጫው ላይ ሲጫን ደግሞ ሁለተኛው ይጎዳል። ስለዚህ የትኛው ጣት እንደሚደነዝዝ ማስተዋል የመሪው ጉድለት የት እንደሆነ ይጠቁማል። ትንሿ ጣት ከደነዘዘች የመጨበጫው ማዕዘን ወይም የመዳፍ ጫና፣ አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከደነዘዙ ደግሞ የአንጓ መቀልበስ በቅድሚያ ሊመረመር ይገባል። ድንዛዜው ሞተሩ ከቆመ በኋላም የማይለቅ ከሆነ ጉዳዩ የመካኒክ ሳይሆን የሐኪም ነው።

በዚህ ላይ ንዝረት ይጨመራል። ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተሮችና በኮብልስቶን የተነጠፉ መንገዶች ሁለቱም የየራሳቸውን ንዝረት ወደ እጅ ይልካሉ። የእጅ ንዝረት በሥራ ጤና መስክ በቁም ነገር የሚታይ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በ5349 ቁጥር የአለካኩን ሥርዓት ደንግጓል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው መመሪያም በ8 ሰዓት የሥራ ቀን አማካይ የእጅ ንዝረት 2.5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ሲደርስ አሠሪው እርምጃ እንዲወስድ፣ ከ5 ሜትር በሴኮንድ ካሬ ደግሞ እንዳያልፍ ወስኗል። ንዝረት የሚጎዳው በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በቆይታውም ጭምር እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ የሚነዳ ሰው ጉዳይም ይኸው ነው።

3. የመሪ አራት ልኬቶች

ሁለት መሪዎች ከሩቅ ሲታዩ ተመሳሳይ መስለው በአካል ላይ የተለያየ ውጤት ሊያመጡ ይችላሉ። ልዩነታቸውን ለመለየት አራት ልኬቶችን ማወቅ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ስፋት ነው። ስፋት ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለው ርቀት ሲሆን፣ መሪውን ለማዞር የሚያስፈልገውን ጉልበት ይወስናል። ለምሳሌ 700 ሚሊ ሜትር የነበረው መሪ በ800 ሚሊ ሜትር ቢተካ፣ ለተመሳሳይ የማዞር ውጤት ከእጅ የሚጠየቀው ኃይል በአንድ ስምንተኛ ይቀንሳል። በጭቃና በኮረኮንች መንገድ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን መሪው እስከ መጨረሻው ሲታጠፍ የውጪው እጅ የበለጠ ርቆ እንዲሄድ ይገደዳል፤ አጭር ክንድ ላለው ሰው ትከሻው ከቦታው ይሳባል። በመኪናዎች መካከል ማለፍም ይከብዳል። ከትከሻ እጅግ የሰፋ መሪ ደረትን ከፍቶ ለነፋስ ያጋልጣል፤ እጅግ የጠበበው ደግሞ ክርንን ከጎድን ጋር ያጣብቃል።

ሁለተኛው ከፍታ ነው። ከፍታ መሪው ከታሰረበት ማቀፊያ እስከ መጨበጫው ያለው የቁም ርቀት ነው። ከፍታ ሲጨምር ሰውነት ቀና ይላል። ሦስተኛው የኋሊት ርቀት ሲሆን፣ መጨበጫው ከማቀፊያው ወደ አሽከርካሪው ምን ያህል እንደቀረበ ያመለክታል። ብዙ ሰው ከፍታ እንደጎደለው ሲያስብ በእውነቱ የጎደለው የኋሊት ርቀት ነው። እጁ የተገተረው መሪው ዝቅ ስላለ ሳይሆን ስለራቀ ነው።

አራተኛው የጫፍ ዘንበልታ ነው፤ ይኸውም መጨበጫው ወደ ኋላና ወደ ታች ያዘነበለበት ማዕዘን ነው። ይህ ልኬት በገበያ ላይ እምብዛም አይጠየቅም፤ በአንጓ ላይ ያለው ተጽዕኖ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ለመረዳት ቀላል ሙከራ አለ። ቀጥ ብሎ በመቆም በሁለቱም እጅ እርሳስ ጨብጦ፣ ክርንን ከጎን ሳያርቁ ክንዶችን ወደ ፊት ማንሣት ነው። እርሳሶቹ ፍጹም አግድም ሆነው በአንድ መስመር አይገጥሙም፤ ውስጠኛ ጫፎቻቸው ወደ ፊትና ወደ ላይ ያዘነብላሉ። እጅ በተፈጥሮው የሚጨብጠው በዚህ መልክ ነው። ቀጥ ያለ መሪ አንጓን ከዚህ ተፈጥሯዊ መስመር አውጥቶ ወደ ጎን ይሰብረዋል። ከልክ በላይ ወደ ኋላ የታጠፈ መሪም በተቃራኒው አቅጣጫ ይሰብረዋል።

አራቱ ልኬቶች የተሳሰሩ መሆናቸው በስሌት ሊታይ ይችላል። ከፍታው 100 ሚሊ ሜትር፣ የኋሊት ርቀቱም 100 ሚሊ ሜትር የሆነ መሪ በማቀፊያው ውስጥ ወደ ኋላ 10 ዲግሪ ቢዞር፣ መጨበጫው ወደ አሽከርካሪው 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይቀርባል፤ በዚያው ልክ ግን 19 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል፤ ማዕዘኑም አብሮ ይለወጣል። በተመሳሳይ መንገድ፣ የመሪው መዞሪያ ዘንግ ከቁም መስመር 26 ዲግሪ ባዘነበለበት ሞተር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ ከመሪው ሥር ቢገባ፣ መሪው 27 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ሲል 13 ሚሊ ሜትር ያህል ደግሞ ወደ ኋላ ይመጣል። አንዱን ለይቶ መለወጥ አይቻልም ማለት ነው።

4. የመሪ ዓይነቶችና የታሰቡበት ሥራ

የመሪ ዓይነቶች በመልክ ቢለያዩም እያንዳንዳቸው ከአንድ የአነዳድ ሁኔታ የተወለዱ ናቸው። ለእሽቅድምድም ሞተሮች የሚሠራው ዝቅተኛ መሪ፣ ሁለት ተነጣጣይ ክፍሎች ሆኖ በፊት ሹካ ላይ የሚታሰር ሲሆን፣ ሰውነትን ከነፋስ ይደብቃል። የነፋስ ግፊት ከፍጥነት ካሬ ጋር ስለሚያድግ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ግፊት በ40 ኪሎ ሜትር ላይ ካለው አራት እጥፍ ነው። በከፍተኛ ፍጥነት ነፋሱ ደረትን ወደ ኋላ እየገፋ የእጅን ጫና ያቀልላል። በከተማ ፍጥነት ግን ይህ ድጋፍ የለም፤ ክብደቱ በሙሉ በአንጓ ላይ ይቀራል። በአውራ ጎዳና የሚያምረው ዝቅተኛ መሪ በትራፊክ መብራት ላይ የሚያሠቃየው ስለዚህ ነው።

በተቃራኒው፣ ከትከሻ በላይ የሚወጣው ረጅም መሪ ክንድን ሽቅብ ስለሚያንጠለጥል ትከሻን ያደክማል፤ በረጅም መንገድም ሰውነትን እንደ ሸራ ለነፋስ ይዘረጋል። ከሁለቱ መካከል ያለው ሰፊና መካከለኛ ከፍታ ያለው የገጠር መንገድ መሪ ነው። ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ እርሻዎች ታስበው የተሠሩትና በአፍሪካ በልማትና በዕርዳታ ሥራ የሚታወቁት የያማሃ ኤጂ ሞተር ሳይክሎች ለዚህ ምሳሌ ይሆናሉ። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ባሉ የዕለት ተዕለት ሞተሮች ላይ የሚገኘው መሪም ቀና ላለ አቀማመጥ የተሠራ ነው። ስለሆነም ለብዙው የሥራ አሽከርካሪ የሚያስፈልገው የመሪውን ዓይነት መለወጥ ሳይሆን በዚያው ዓይነት ውስጥ ልኩን ማግኘት ነው።

5. የአመራረጥ ቅደም ተከተል

ከላይ ከቀረበው ትንተና በመነሣት አራት ደረጃዎች ያሉት ቅደም ተከተል መጠቆም ይቻላል። ደረጃዎቹ ወጪ ከሌለበት ወደ ወጪ ያለበት የሚሄዱ ናቸው።

አንደኛ፣ ነባሩን መሪ ማስተካከል ነው። ብዙ ጊዜ ቅሬታው ከመሪው ሳይሆን ከፍሬንና ከፍሪሲዮን እጀታዎች ማዕዘን ይመነጫል። ከጎን ሲታይ ክንድ፣ የእጅ ጀርባና በእጀታው ላይ ያረፉት ጣቶች አንድ ቀጥ ያለ መስመር ሊሠሩ ይገባል። እጀታዎቹ ወደ ላይ ከወጡ ጣቶች ፍሬን በያዙ ቁጥር አንጓ ይቀለበሳል። የእጀታውን ብሎን በመጠኑ ፈትቶ ማውረድ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከዚያም መሪው ራሱ በማቀፊያው ውስጥ በጥቂት ዲግሪ እየዞረ ይሞከራል። በእያንዳንዱ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥና ቢያንስ አንድ የሥራ ቀን መንዳት ያስፈልጋል፤ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ከተለወጠ ለውጤቱ ምክንያት የሆነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም።

ሁለተኛ፣ መቀመጫውንና የእግር ማሳረፊያውን መመርመር ነው። ስፖንጁ ያለቀና ወደ ፊት ያዘነበለ መቀመጫ አሽከርካሪውን ወደ ነዳጅ ሰልባትዮው ያንሸራትተዋል፤ እርሱም ላለመንሸራተት በመሪው ላይ ይገፋል። በዚህ ጊዜ የሚታመመው እጅ ነው፤ ጥፋቱ ግን የመቀመጫው ነው።

ሦስተኛ፣ መለካት ነው። የመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ካልበቁ ወደ ገበያ ከመሄድ በፊት ልክን በወረቀት ላይ ማስፈር ይገባል። ሞተሩ በደልዳላ ቦታ በመሐል ማቆሚያው ይቆማል። አሽከርካሪው የሥራ ልብሱን፣ የራስ ቁሩንና ጓንቱን አድርጎ፣ እግሮቹን በማሳረፊያው ላይ አሳርፎ ይቀመጣል። ዓይኑን ጨፍኖ እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው ምቹ በሆነለት ቦታ ላይ ይዘረጋል። ረዳቱ ከማቀፊያው መካከል እስከ ጭብጡ መካከል ያለውን የቁም፣ የኋሊትና የጎን ርቀት ይለካል፤ ከነባሩ መሪ ልኬት ጋርም ያነጻጽራል። ልዩነቱ 20 ወይም 30 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከፍ ማድረጊያ ቁራጭ ሊበቃ ይችላል። ከዚያ ከበለጠ፣ ወይም የተለየው የጫፍ ዘንበልታው ከሆነ፣ ሌላ መሪ ያስፈልጋል።

አራተኛ፣ የሚገጥም መሪ መምረጥ ነው። በአብዛኞቹ ሞተሮች የመሪው ውፍረት 22.2 ሚሊ ሜትር ነው። በአንዳንድ ትላልቅ ሞተሮች 25.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በማቀፊያው ላይ 28.6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወደ መጨበጫው እየቀጠነ የሚሄድም አለ። ውፍረቱ ካልተመሳሰለ ነባሩ ማቀፊያ አይሠራም። በቀጭን ቆርቆሮ ጠቅልሎ ማጥበቅ ደግሞ መሪው በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ እንዲዞር መንገድ ይከፍታል።

ንዝረትን በተመለከተ በመሪው ጫፍ የሚገባ ክብደትና ለስለስ ያለ የላስቲክ መጨበጫ ይረዳሉ። ወፍራም መጨበጫ ጫናውን በመዳፉ ላይ ያሰራጫል። ይሁን እንጂ እጁ ትንሽ የሆነ ሰው ወፍራሙን ለመያዝ የበለጠ መጨበጥ ስለሚኖርበት ክንዱ ይደክማል። እዚህም ላይ የሚወስነው የሰውየው ልክ ነው።

6. ከለውጡ በኋላ ሊደረግ የሚገባ ምርመራ

መሪን መለወጥ ቧንቧ ከመለወጥ በላይ ነው፤ በመሪው ላይ የነዳጅ መስጫው ካቦ፣ የፍሪሲዮን ካቦ፣ የፍሬን ቱቦ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶችና ስፖኪዮዎች ተያይዘዋል። መሪው ከፍ ባለ ቁጥር እነዚህ ሁሉ ይሳባሉ። ስለዚህ ሞተሩ ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ማርሹን ነጻ አድርጎ፣ ሞተሩን አስነሥቶ መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ መጨረሻው ማዞር የግድ ነው። መሪው ሲዞር የሞተሩ ድምፅ ከፍ ካለ የነዳጅ መስጫው ካቦ ተወጥሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በጠባብ መታጠፊያ ላይ ሳይታዘዝ ወደ ፊት ይፈተለካል። ጣቶች በመጨበጫውና በሰልባትዮው መካከል እንዳይጣበቁም መታየት አለበት። በፈሳሽ የሚሠራ ፍሬን ካለ ቱቦው ሳይወጠር መቆየቱና የፈሳሹ ዕቃ አለመጋደሉ ይጣራል። ቱቦ ከተለወጠም በውስጡ የቀረ አየር ሙሉ በሙሉ መውጣት ይኖርበታል።

ከሁሉ በላይ ሊወገድ የሚገባው ልማድ መሪን አሙቆ ማጠፍና ቆርጦ መበየድ ነው። ሙቀት የብረቱን ጥንካሬ በብየዳው ዙሪያ ይለውጣል። ዘወትር በሚንዘር ዘንግ ላይ ደግሞ ስንጥቅ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለው ቦታ ነው። ስንጥቁ በቀለም ሥር ሳይታይ ያድጋል፤ መሪው የሚሰበረውም በጣም በተጫነበት ቅጽበት፣ ማለትም በጉድጓድ ወይም በድንገተኛ ፍሬን ላይ ነው። ወድቆ የጎበጠ መሪም ተቃንቶ ከመመለስ ይልቅ ቢተካ ይመረጣል።

7. ማጠቃለያና ምክረ ሐሳብ

ከዚህ ትንተና የሚከተሉት ነጥቦች ተገኝተዋል። ምቹ መሪ በስሙ ወይም በከፍታው አይታወቅም፤ የሚታወቀው እጅ ሳይደገፍበት ሲይዘው፣ አንጓ ቀጥ ብሎ ሲቆይና ክርን በመጠኑ ሲታጠፍ ነው። ስፋት፣ ከፍታ፣ የኋሊት ርቀትና የጫፍ ዘንበልታ እርስ በርስ የተሳሰሩ በመሆናቸው አንዱን መለወጥ ሌላውን ይነካል። በከተማ ዝግተኛ ጉዞ የሚስማማው አቀማመጥ በረጅም አውራ ጎዳና ከሚስማማው ይለያል፤ ስለሆነም ምርጫው የሚጀምረው አሽከርካሪው አብዛኛውን ሰዓት የት እንደሚነዳ ከመጠየቅ ነው።

ሞተር ሳይክል ለሠራተኞቻቸው የሚያቀርቡ መሥሪያ ቤቶችና የዕቃ አድራሽ ድርጅቶች፣ ሞተሩን ሲያስረክቡ የእጀታውን ማዕዘንና የመሪውን አቅጣጫ ለተረካቢው አካል የማስተካከልን ሥራ የርክክቡ አካል ቢያደርጉት መልካም ነው። ይህ አዲስ በጀት አይጠይቅም፤ አንድ መፍቻ፣ አንድ ሜትርና የጥቂት ደቂቃ ጊዜ ይበቃዋል። መካኒኮችም ደንበኛ ከፍ ያለ መሪ እንዲገጠምለት ሲጠይቅ፣ ከመግጠማቸው በፊት የትኛው ጣቱ እንደሚደነዝዝና ሕመሙ ከስንት ሰዓት ጉዞ በኋላ እንደሚጀምር ቢጠይቁት፣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ከመሪው ሳይሆን ከአንዲት ልል መሆን ከሚገባት ብሎን ላይ ሊገኝ ይችላል።